ኮድሽን ከዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ አውጪው

ጥያቄው የመጣው ጅማ ከምትማር የ5ኛ ዓመት የሶፍትዌር ተማሪ ነው። ለማያውቅ አንባቢ ያህል፣ ዋንድራይቭ ፋይልን በኢንተርኔት የሚያስቀምጥ የማይክሮሶፍት አገልግሎት ነው፤ ጊት የኮድን ለውጥ ታሪክ የሚይዝ ፕሮግራም ነው፤ ኮሚት አንድን ለውጥ በዚያ ታሪክ ላይ መመዝገብ ነው፤ ጊትሀብ ደግሞ የጊት ፕሮጀክቶች በኢንተርኔት የሚቀመጡበት ድረ ገጽ ነው። ጥያቄውን አሳጥሬ ላቅርበው፦

«የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን ከአንድ የግሩፕ ጓደኛዬ ጋር እየሠራን ነው። ማኅበራት ከገበሬ የሚረከቡትን ቡና የሚመዘግብ ዌብሳይትና የስልክ አፕ ነው። ፎልደሩ ዴስክቶፔ ላይ ነው። ዴስክቶፔ ደግሞ በዋንድራይቭ ባክአፕ ይደረጋል። ለጓደኛዬ ሼር አድርጌለት ሁለታችንም እዚያው ላይ እንሠራለን። ጊት እንጠቀማለን፤ ጊትሀብ ላይ ግን አልጫንነውም። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ኮሚት ሳደርግ አንዳንዴ ‹ኢንዴክስ ሎክ ፋይል አለ› ይለኛል። ትናንት ደግሞ ‹ባድ ኦብጀክት ሄድ› ብሎ ጭራሽ እምቢ አለ። መጨረሻቸው ላይ የላፕቶፔ ስም የተለጠፈባቸው የማላውቃቸው ፋይሎች መጥተዋል። የገዛሁት ዳታ በአንድ ቀን ያልቃል። ቦታ ሞልቷል የሚል ማስጠንቀቂያም እየመጣ ነው። ሃርድ ዲስኬ ተበላሽቶ ይሆን? ወይስ ተጨማሪ የክላውድ ቦታ ልግዛ? ዲፌንሳችን ደርሷል።»

ሃርድ ዲስክሽ አልተበላሸም። ተጨማሪ ቦታም አትግዢ፤ ከድጡ ወደ ማጡ ነው የሚሆነው። ችግሩ ፎልደሩ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ወደ ዝርዝሩ ሳልገባ ግን አንድ ነገር አሁኑኑ አድርጉ። በሁለቱም ላፕቶፖች ላይ የዋንድራይቭን የደመና ምልክት ተጭናችሁ ሲንኩን አቁሙት። ከዚያ በኋላ ምንም ነገር አታጥፉ። ከላፕቶፑም፣ ከስልኩም፣ ከዌብሳይቱም። ቦታ ሞላ ብለሽ ከዌብሳይቱ ላይ የሰረዝሽው ፎልደር ሲንኩ ሲነሳ ከላፕቶፕሽም ላይ ይሰረዛል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሲንክ ማለት ባክአፕ ማለት አይደለም። የሲንክ ሥራ ሁለት ቦታ ያለውን ነገር አንድ ዓይነት ማድረግ ነው። እዚህ ከተሰረዘ እዚያም ይሰረዛል። እዚህ ከተበላሸ የተበላሸው ይላካል። ባክአፕ ግን ዛሬ ምንም ቢፈጠር የትናንቱን የሚመልስልሽ ነው። እርግጥ ከግል የዋንድራይቭ አካውንት የተሰረዘ ፋይል 30 ቀን ያህል ሪሳይክል ቢን ውስጥ ይቆያል። የቀድሞ ቅጂዎቹም ይገኛሉ። ለአንድ የወርድ ፋይል ይህ ትልቅ ነገር ነው። እርስ በርስ የተሳሰሩ ሺህ ፋይሎችን ግን አንድ በአንድ ወደ ትናንት መመለስ የሚሞከር አይደለም።

እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ ደርሶ ነው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በነበረችኝ ትንሽ ቢሮ ለአንድ ነጋዴ የመጋዘን ሲስተም እሠራ ነበር። ኮዱ በሲንክ ፎልደር ውስጥ ነው። አዲስ ላፕቶፕ ገዛሁ፤ ሁሉም ነገር ወርዶ አየሁት። አሮጌውን ለታናሽ እህቴ ልሰጣት ስለነበር ፎልደሩን ከእሱ ላይ ሰረዝኩት። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ያለው ፎልደር ዓይኔ እያየ ይጎድል ጀመር። ፋይሎቹ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ከስክሪኑ ይጠፋሉ። ሮጬ ዋይፋዩን ነቀልኩት። የተሰረዘውን ስለቅም ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ኮዱን አብዛኛውን አገኘሁት። የጊት ታሪኩ ግን ዳግም አልተነሳም። ጥያቄሽን ሳነብ ያ ቀን ነው የታወሰኝ፤ አንቺ ደግሞ ዲፌንስ አለብሽ።

የሲንክ ፎልደር መጥፎ ነገር ነው እያልኩሽ አይደለም። ለፕሮፖዛልሽ፣ ለሪፖርትሽ፣ ለፓወርፖይንትሽ፣ ለፎቶሽ ጥሩ ነው። ዶክመንት አንድ ፋይል ነው። ትከፍቺዋለሽ፣ ትጽፊያለሽ፣ ትዘጊዋለሽ። የኮድ ፎልደር ግን እንደዚያ አይደለም። እየሠራ እንዳለ ማሽን ነው። አንቺ ሻይ ልትጠጪ ብትነሺ እንኳ ኤዲተሩ፣ የዴቨሎፕመንት ሰርቨሩ፣ ጊት እና የአንድሮይድ አፕ መገንቢያው ግራድል በውስጡ ይጽፋሉ፣ ይሰርዛሉ፣ ስም ይቀይራሉ። እያንዳንዱ ፋይል ከሌላው ጋር መጣጣም አለበት። ሲንክ ደግሞ መጣጣም የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያየው ነጠላ ነጠላ ፋይል ነው።

ኮሚት ስታደርጊ ዲስክሽ ላይ ምን እንደሚሆን በቅርብ እንየው። በፕሮጀክትሽ ውስጥ ስሙ በነጥብ የሚጀምር «ጊት» የተባለ የተደበቀ ፎልደር አለ። ታሪክሽ በሙሉ ያለው እዚያ ነው። «ጊት አድ» ስትዪ ጊት የፋይሉን ይዘት ይጨምቅና «ኦብጀክትስ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ስም የሚያወጣለት ከይዘቱ አስልቶ ነው፤ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ባለ 40 ሆሄ ስም ነው። የመጀመሪያዎቹ 2 የንዑስ ፎልደሩ ስም ይሆናሉ፣ የቀሩት 38 የፋይሉ። ቀጥሎ «ኢንዴክስ» የሚባለውን ዝርዝር ማደስ አለበት። ሌላ እንዳይነካበት መጀመሪያ የሎክ ፋይል ይፈጥራል። አዲሱን ዝርዝር እዚያ ላይ ይጽፋል። ሲጨርስ የሎኩን ስም ቀይሮ በአሮጌው ኢንዴክስ ቦታ ይተካዋል። ኮሚት ስትዪ ደግሞ በመጨረሻ «ሬፍስ» ውስጥ ያለ ትንሽ ፋይል ይታደሳል። የብራንችሽ (የሥራ ቅርንጫፍሽ) ጠቋሚ ነው። ውስጡ ያለው የመጨረሻው ኮሚት ስም ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ዓይንሽን ጨፍነሽ ሳትገልጪ ያልቃል።

ዋንድራይቭ በጎን ሆኖ ያያል። አዲስ ፋይል ሲመጣ ሊልከው ከፍቶ ማንበብ ይጀምራል። ልክ በዚያች ቅጽበት ጊት የሎኩን ስም ሊቀይር ይሞክራል። ዊንዶውስ ደግሞ አንድ ፕሮግራም ይዞት ያለውን ፋይል ሌላው እንዲሰርዘው ወይም ስሙን እንዲቀይረው ብዙ ጊዜ አይፈቅድም። ጊት መንገድ ላይ ይቆማል፣ ሎኩ እዚያው ይቀራል። በሚቀጥለው ኮሚት ሎኩን ያይና ሌላ ጊት እየሠራ ነው ብሎ እምቢ ይልሻል። አንዳንዴ ብቻ የሚመጣብሽ ለዚህ ነው፤ የቅጽበት ግጥጥሞሽ ነው። ሲብስ ደግሞ ሎኩ ራሱ ሲንክ ተደርጎ ጓደኛሽ ጋ ይደርሳል። ምንም ያልነካው ልጅ ጊቱ ይቆለፍበታል።

«ባድ ኦብጀክት ሄድ» (የመጨረሻው ኮሚት አይነበብም ማለት ነው) ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ዋናው ጉዳትም እሱ ነው። ጊት የሚጽፈው በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ይዘቱን፣ ከዚያ ኮሚቱን፣ መጨረሻ ላይ ጠቋሚውን። ሲንክ ይህን ቅደም ተከተል ሊጠብቅልሽ አልተሠራም። ጠቋሚው ከኮሚቱ ቀድሞ ሊሄድ ይችላል። ከጅማ አዲስ አበባ ቡና የጫነ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። የጭነት ሰነዱ በስልክ ፎቶ ተነስቶ አዲስ አበባ ደርሷል፤ መኪናው ግን ወሊሶ ላይ ቆሟል። ወረቀቱ 200 ጆንያ ገብቷል ይላል። መጋዘኑ ሲከፈት አንድም የለም።

እናንተም ጋ የሆነው ይህንኑ ይመስለኛል። ጅማ ሲዘንብ እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ሰማዩ ያጉረመርማል፣ መብራት ይሄዳል። ላፕቶፕሽ ባትሪ ስላለው ሥራሽን ትቀጥያለሽ፣ ኮሚትም ታደርጊያለሽ። ራውተሩ ግን ጠፍቷል። መብራት ሲመለስ መላክ ይጀምራል። ጠቋሚው ይሄዳል፣ ከኦብጀክቶቹ ግማሹ ይሄዳል፣ መብራት ደግሞ ይጠፋል። ኪቶ ፉርዲሳ ያለው ጓደኛሽ በሞባይል ዳታ ላፕቶፑን ይከፍታል። ጠቋሚው ደርሶታል፤ የሚጠቁመው ኮሚት የለም። እሱም ከዚያ ላይ ተነስቶ ሊሠራ ሲሞክር የተጎዳው ጠቋሚ ተመልሶ ወደ አንቺ ይመጣል። ሁለት ጤነኛ ላፕቶፕ፣ አንድ የታመመ ሪፖ (ጊት የሚይዘው የፕሮጀክት ማኅደር)።

በዚህ ላይ «ፋይልስ ኦን ዲማንድ» የሚባል ነገር አለ። ዋንድራይቭ ቦታ ለመቆጠብ አንዳንድ ፋይሎችን ከዲስክሽ አንስቶ ስማቸውን ብቻ ይተዋል። ሰማያዊ የደመና ምልክት የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። ስትከፍቻቸው ከኢንተርኔት ይወርዳሉ። ኢንተርኔት ከሌለ ግን ፋይሉ አለ፣ ይዘቱ የለም። ጊትም ሆነ ኮምፓይለሩ ይህን አይረዳም። ለማንበብ ይሞክራል፣ ይወድቃል። ዳታሽ አልቆ እያለ ያየሽው ስህተት ከዚህም ሊሆን ይችላል።

የላፕቶፕሽ ስም የተለጠፈባቸው ፋይሎች ደግሞ የግጭት ቅጂዎች ናቸው። ሁለታችሁም አንድን ፋይል በየበኩላችሁ ስታድሱ ዋንድራይቭ የትኛው እንደሚሻል መምረጥ አይችልም። ስለዚህ አንዱን በኮምፒውተሩ ስም ያስቀምጠዋል። በወርድ ፋይል ከሆነ ሁለቱን ከፍተሽ ታስተያያለሽ። በኮድ ግን አደጋ አለው። ኮድሽ የሚጠራው ዋናውን ስም ነው፤ አዲሱ ሥራሽ በሌላ ስም ተቀምጦ አሮጌው እየሠራ ሊቆይ ይችላል። «ትናንት ያስተካከልኩት ባግ ተመልሶ መጣ» የሚባለው አንዳንዴ ይህ ነው። «ሬፍስ» ውስጥ እንዲህ ያለ ቅጂ ከተፈጠረ ደግሞ ጊት እንደ አዲስ ብራንች ያየዋል። ማንም ያልፈጠረው ብራንች ዝርዝር ውስጥ ካያችሁ ምንጩ እዚያ ነው። ሁለት ጋጋሪ በአንድ ምጣድ ላይ እንጀራ አያወጣም። ሁለት ሰው በአንድ የሲንክ ፎልደር ኮድ መጻፍም እንዲያ ነው።

ዳታሽን የሚበላው ማን እንደሆነ ለማወቅ ከኢንተርኔት የወረዱ የኮድ ጥቅሎች የሚቀመጡበትን «ኖድ ሞጁልስ» የሚለውን ፎልደር በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ አድርገሽ እዪው። ቁጥሩ መቆጠር ሲጀምር ትንሽ ጠብቂ። ተራ የሪአክት (የዌብሳይት መሥሪያ) ፕሮጀክት እንኳ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ይወጡታል። አንድ ጥቅል ስትጨምሪ ወይም ስትቀይሪ ብዙዎቹ ይሰረዛሉ፣ ብዙዎቹ እንደገና ይጻፋሉ። የስልክ አፕ መሥሪያው የፍላተር «ቢልድ» ፎልደርም እንዲሁ ነው፤ አፑን በገነባሽ ቁጥር በብዙ ሜጋባይት ይቀያየራል። ዋንድራይቭ ይህን ሁሉ እንደ አዲስ ሥራ ቆጥሮ ይልከዋል። ጓደኛሽ ደግሞ በራሱ ዳታ ያወርደዋል። ነፃው የዋንድራይቭ ቦታ 5 ጊጋባይት ነው፤ ቢሞላ አይገርምም። የሚያሳዝነው የተላከው ነገር የእናንተ ሥራ አለመሆኑ ነው። የጥቅሎቹ ዝርዝር ያለባቸው «ፓኬጅ ጄሰን» እና የእሱ የሎክ ፋይል (የጊቱ ሎክ አይደለም) እስካሉ ድረስ ጥቅል የሚያወርደው «ኤንፒኤም ኢንስቶል» የሚል ትእዛዝ ሁሉንም መልሶ ያመጣዋል።

«ጊትኢግኖር ላይ ጽፌዋለሁ እኮ» ትዪ ይሆናል። ጊት የሚዘላቸው ፋይሎች የሚዘረዘሩበትን ጊትኢግኖርን የሚያነበው ጊት ብቻ ነው። ዋንድራይቭ ዞር ብሎም አያየውም። በግል አካውንት ላይ እንዲህ ያለ ስም ያለውን ፎልደር ሁሉ ዝለል የምትዪበት መንገድም የለም። «ፎልደር ምረጥ» የሚለው ቅንብር ከክላውድ ወደዚህ ላፕቶፕ የማይወርደውን ለመምረጥ ነው፤ እዚህ ያለውን እንዳይላክ ለማድረግ አይደለም። ድሮፕቦክስ አንድን ፎልደር ለይቶ ከሲንክ ማስቀረት ይፈቅዳል። ግን እሱም ቢሆን የጊቱን ጣጣ አይፈታውም። ጎግል ድራይቭም፣ የአፕል አይክላውድም ለዚህ ሥራ የሚሻሉ አይደሉም። ነገሩ የአንድ ኩባንያ ጉድለት ሳይሆን የመሣሪያው ዓይነት ነው።

ሰዎች የሚሞክሯቸው ሌሎች መንገዶች አሉ። ስትሠሪ ሲንኩን አቁመሽ ስትጨርሺ መክፈት አንዱ ነው። ለአንድ ቀን ይሆናል። አንድ ምሽት ስትረሺው ግን ወደነበርሽበት ትመለሻለሽ። ስትከፍቺውም የተጠራቀመው ሁሉ በአንዴ ይጎርፋል። ሌላው ፕሮጀክቱን በየቀኑ ዚፕ አድርጎ በቴሌግራም ለራስ መላክ ነው። ይህን የሚያደርጉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ከምንም ይሻላል። ግን «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ ዚፖች መሐል የትኛው ላይ ምን እንደተቀየረ ማንም አያውቅም። ፍላሽ ላይ ቀጥታ መሥራት ደግሞ አይታሰብ። ቀርፋፋ ነው፣ ቶሎ ይጠፋል፣ ከሰው ላፕቶፕ ሰው ላፕቶፕ ቫይረስ ይዞ ይዞራል።

የኔ ምክር አንድ ነው። ኮዱን ከማንኛውም የሲንክ ፎልደር ውጪ አስቀምጪው። የጋራ ቦታችሁ ጊትሀብ ላይ ያለ የግል ሪፖ ይሁን። ጊት ከተሠራበት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሥራው ይኸው ነው፤ ተለያይተው የሚሠሩ ሰዎችን ኮድ ሳያጠፋ ማገናኘት። ጊትሀብ የግል ሪፖን በነፃ መስጠት የጀመረው በ2019 ነው። ከ2020 ወዲህ ደግሞ የፈለግሽውን ያህል ሰው በነፃ ታስገቢበታለሽ። ስለዚህ ፕሮጀክታችን ይሰረቃል ብላችሁ ከሆነ የተዋችሁት፣ ግል ካደረጋችሁት ከእናንተ በቀር የሚያየው የለም።

ጊት ኢንተርኔት ይፈልጋል የሚለውም ስህተት ነው። ኮሚት፣ ብራንች፣ ታሪክ ማየት፣ ሁሉም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኢንተርኔት የሚያስፈልግሽ ፑሽ (መላክ) እና ፑል (ማምጣት) ስትዪ ብቻ ነው። ያኔም የሚላከው ከባለፈው ወዲህ የተቀየረው ብቻ ነው፣ እሱም ተጨምቆ። የአንድ ቀን የኮድ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ኪሎባይት ነው። ከስልክሽ ሆትስፖት ከፍተሽ ልከሽ ትዘጊዋለሽ። ደግሞም ፑሽ ወይ በሙሉ ይደርሳል ወይ አይደርስም። ኦብጀክቶቹ ሳይደርሱ ጠቋሚው አይቀየርም። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ እንደገና ፑሽ ትያለሽ፣ አለቀ። ሲንክ ሊሰጥሽ ያልቻለው ይህንን ነው።

አሁን የተጎዳውን ሪፖ እናድነው። በችኮላ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ግማሽ ቀን ስጡት። መጀመሪያ አንዳችሁ ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሂዱ። ሲንኩ እንደቆመ የፕሮጀክቱን ፎልደር በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ሁልጊዜ በዚህ ኮምፒውተር ላይ ይቆይ» የሚለውን ምረጡ። ሰማያዊ ደመና የነበራቸው ፋይሎች መውረዳቸውን አረጋግጡ። ሲንኩ ካልተከፈተ አይወርዱም ከተባለ ያን ጊዜ ብቻ ክፈቱት፣ ሲጨርስ ዝጉት። ይህን ስታደርጉ የሌላው ላፕቶፕ ሲንክ እንደተዘጋ ይቆይ።

ቀጥሎ በሲ ድራይቭ ላይ በቀጥታ አዲስ ፎልደር ፍጠሪ። ስሙ አጭር፣ በእንግሊዝኛ ፊደልና ያለ ክፍት ቦታ ይሁን። ይህን የምለው በምክንያት ነው። የአንድሮይድ መገንቢያው ዊንዶውስ ላይ በመንገዱ ውስጥ የአማርኛ ፊደል ካየ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። «የመመረቂያ ፕሮጀክት» የሚል ፎልደር ውስጥ ፍላተር አልሠራ ብሏቸው ቀኑን ሙሉ የደከሙ ልጆች አጋጥመውኛል። የፕሮጀክቱን ፎልደር ወደዚያ ኮፒ አድርጊ። ኮፒ እንጂ ከት አትበዪ። የድሮው እስክንጨርስ ባለበት ይቆይ። ኖድ ሞጁልስንና ቢልድን ትተሽ ኮፒ ብታደርጊ ጊዜ ትቆጥቢያለሽ። በነጥብ የሚጀምረው የጊት ፎልደር ግን የግድ አብሮ መሄዱን እዪ፤ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ካላበራሽ ዓይንሽ ላይ አይመጣም። ጓደኛሽም በራሱ ላፕቶፕ ላይ ያለውን እንዲሁ ያድርግ።

በኮፒው ላይ ኤዲተሩን ዘግተሽ ምንም ጊት እየሠራ አለመሆኑን ካረጋገጥሽ በኋላ የሎክ ፋይሉን ሰርዢ። «ሬፍስ» ውስጥ የኮምፒውተር ስም የተለጠፈባቸውን ፋይሎች ከጊት ፎልደሩ ውጪ ወዳለ ቦታ አንሺያቸው። አትሰርዢያቸው፤ በውስጣቸው ያለው የኮሚት ስም ሊጠቅመን ይችላል። ከዚያ ተርሚናል ከፍተሽ ሪፖውን የሚፈትሸውን «ጊት ኤፍ ኤስ ሲ ኬ» የሚለውን ትእዛዝ አስኪጂ። «ዳንግሊንግ» (ማንም የማይጠቁመው) የሚል መስመር ቢበዛ አትደንግጪ፣ ጉዳት አይደለም። የሚያሳስበው «ሚሲንግ» (የጎደለ) እና «ኮራፕት» (የተበላሸ) የሚለው ነው። እሱ ከመጣ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ጓደኛሽ ጋ ነው። የኦብጀክት ስም ከይዘቱ ተሰልቶ የወጣ ነው ብያለሁ። ስለዚህ ተመሳሳይ ስም ያለው ኦብጀክት ሁለቱም ላፕቶፕ ላይ ተመሳሳይ ይዘት ነው ያለው። የእሱን «ኦብጀክትስ» ፎልደር በፍላሽ አምጥተሽ በአንቺ ኮፒ ላይ የጎደሉትን ብቻ አስገቢ፤ ያለውን አትተኪ። «ኮራፕት» የተባለውን ፋይል ግን መጀመሪያ ከቦታው አንሺው፣ ከዚያ የእሱን ጤነኛ አስገቢ። እንደገና ፈትሺ። አንቺ ጋ የጎደለው እሱ ጋ፣ እሱ ጋ የጎደለው አንቺ ጋ ሆኖ ሙሉ ሪፖ ሲነሳ ከአንዴም ሁለቴ አይቻለሁ።

የተበላሸው ኢንዴክሱ ብቻ ከሆነ ቀላል ነው። የኢንዴክስ ፋይሉን አንስተሽ «ጊት ሪሴት» ስትዪ እንደ አዲስ ይሠራዋል፤ የጻፍሽው ኮድ አይነካም። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቂ። «ሃርድ» የሚለውን ቃል ከጨመርሽበት ኮሚት ያላደረግሽውን ሥራ ሁሉ ያጠፋዋል። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሽውን ትእዛዝ ሳታውቂ አትለጥፊ። «ጂሲ» እና «ፕሩን» የሚሉ የማጽጃ ትእዛዞችንም አሁን አትንኪ፤ የምንፈልገውን ሊጠርጉት ይችላሉ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልተነሳ የጊት ፎልደሩን ስም ቀይረሽ አስቀምጪውና በአዲስ «ጊት ኢኒት» ጀምሪ። ታሪኩ ይቀራል። ኮዱ ግን አለ። ከመጀመርሽ በፊት ከጓደኛሽ ጋር ሁለቱን ፎልደሮች ጎን ለጎን ከፍታችሁ የግጭት ቅጂዎቹን አንድ በአንድ እዩ። አሰልቺ ነው፣ ግን ማንም ሊሠራላችሁ አይችልም። የትኛው ፋይል አዲስ እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ሪፖው ከተነሳ በኋላ ፑሽ ከማድረግሽ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጪ። ኖድ ሞጁልስ በስህተት ኮሚት ተደርጎ እንደሆነ ከጊት መዝገብ አውጪው። ጊትሀብ ከ100 ሜጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ትልቅ ቪዲዮ ወይም ዳታሴት ካለ እሱን ዋንድራይቭ ላይ ተዪው። ሁለተኛው የይለፍ ቃልና የኤፒአይ ቁልፍ ያለበት «ኤንቭ» ፋይል ነው። ጊት ውስጥ አይግባ። ቀድሞ ኮሚት ተደርጎ ከነበረ አሁን ብትሰርዢውም ታሪኩ ውስጥ አለ፤ ቁልፉን ራሱን ቀይሪው። ሼር የተደረገው ፎልደር ሊንኩ ለሌላ ሰው ደርሶ ከነበረም እንዲሁ አድርጊ።

ጓደኛሽ ከጊትሀብ ክሎን ያድርግ (ሙሉ ሪፖውን ያውርድ)። የድሮውን ፎልደር ኮፒ አድርጎ አይቀጥል። «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ዳታ ይበላል ብሎ ከፈራ፣ ኤንፒኤም አንዴ ያወረደውን በላፕቶፑ ላይ ያስቀምጠዋል። «ፕሪፈር ኦፍላይን» የሚለውን ጨምሮ ቢያስኬደው ከዚያ ይወስዳል፤ ከኢንተርኔት የሚያወርደው የጎደለውን ብቻ ነው።

የዴስክቶፑን ባክአፕም ማጥፋት ትችያለሽ። በዋንድራይቭ ሴቲንግ ውስጥ የባክአፕ ማስተካከያው ላይ ዴስክቶፕን አጥፊ። ስታጠፊው ዴስክቶፕሽ ባዶ ሆኖ ሊታይሽ ይችላል፤ ፋይሎቹ በዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ «ዴስክቶፕ» በሚል ንዑስ ፎልደር ስላሉ አትደንግጪ። ካልፈለግሽ አታጥፊው። ኮዱ ሲ ድራይቭ ላይ እስካለ ድረስ ሪፖርትሽ እዚያው ቢቆይ ጥሩ ነው።

ዋንድራይቭን ለኮዱም የምትጠቀሚበት ትክክለኛ መንገድ አለ። «ጊት በንድል» የሚባል ትእዛዝ ሙሉ ታሪኩን በአንድ ፋይል ያሽጋል። በሳምንት አንዴ እሱን ሠርተሽ አንዱን ዋንድራይቭ ላይ፣ አንዱን ፍላሽ ላይ አስቀምጪ። አንድ ፋይል ስለሆነ፣ ተጽፎ ካለቀ በኋላም ስለማይቀየር ሲንክ አያበላሸውም። አስፈላጊ ሲሆን ከእሱ ላይ ክሎን ይደረጋል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፣ ተማሪዎች በየዓመቱ የሚረሱት። ዳታቤዛችሁ በኤክስኤኤምፒፒ ያለ ማይኤስኪውኤል ከሆነ መረጃው የፕሮጀክት ፎልደራችሁ ውስጥ የለም። ኤክስኤኤምፒፒ በተጫነበት ፎልደር ውስጥ ነው ያለው። ዋንድራይቭም አልያዘውም፣ ጊትም አይዘውም። ከዳታቤዝ ማስተዳደሪያው ከፒኤችፒማይአድሚን ኤክስፖርት አድርገሽ የኤስኪውኤል ፋይሉን ከኮዱ ጋር ኮሚት አድርጊ። ኤስኪውላይት ከሆነ ደግሞ ፋይሉን ፕሮግራሙ ተዘግቶ እያለ ብቻ ኮፒ አድርጊው፤ ከጎኑ «ዋል» የሚል መጨረሻ ያለው ፋይል ካየሽ እሱም የዳታቤዙ አካል ነው፣ አትለያዩዋቸው።

ዛሬ ኮፒውን ሥሩ፣ ነገ ፍተሻውን። «ሚሲንግ» የሚል መስመር ከወጣና የጓደኛሽ ኦብጀክቶች ካልሞሉት፣ የወጣውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ ሳይሆን ከተርሚናሉ ኮፒ አድርገሽ በሙሉ ላኪልኝ። ከ«ሬፍስ» ያነሳሻቸው ፋይሎች ውስጥ ያሉትን የኮሚት ስሞችም አያይዢ።